ከቋጥኙ ላይ የሚታይ አንሶላ

ከከተማው ጀርባ ሁለት ኮረብታዎች አሉ። አንደኛው የታወቀው ነው፤ መኪና እስከ ጫፉ ይወጣል፣ ሻይ ቤት አለው፣ እሁድ እሁድ ሰው ፎቶ ለመነሳት ይጋፋበታል። ሁለተኛውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ስም እንኳ አላወጡለትም። አናቱ ላይ የሬዲዮ አንቴና ስለተተከለበት «የአንቴናው ጉብታ» ይሉታል፣ እሱም የሚጠራው ሲገኝ ነው።

ለሆቴል አንሶላ እየሰፋችና እያጠበች የምትተዳደረው አንሶላ ሰፊዋ ይህን ጉብታ ከጣራዋ ላይ ሆና ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አይታዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ እግሯን አንስታ ሄዳበት አታውቅም። «ከዚህ ቤት አንድ ሰው ወስዶብኛል፣ አይበቃውም?» ትል ነበር እየሳቀች። ያኔ መሳቅ ትችል ነበር። የወሰደባት ሰው ባሏ ነው፤ የሚወስድባትም ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር።

ባሏ የከተማው አምቡላንሶች ሬዲዮ ቴክኒሺያን ነበር። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ቦርሳውን አንግቶ በእግሩ ወጥቶ አንቴናውንና ባትሪዎቹን ይፈትሻል። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከአንድ አሮጌ አምቡላንስ በተነቀለ የጎን መስታወት ፀሐይዋን ወደ ቤቱ ይመልሳታል፤ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። «ደህና ደርሻለሁ» ማለቱ ነው። እሷ ደግሞ ይህን ስታይ ያጠበችውን አንሶላ ጣራው ላይ ታሰጣለች። «አይቼሃለሁ፣ እኔም ደህና ነኝ» ማለቷ ነው። ሞባይል ስልክ መጥቶም አልተዉትም። ልጃቸው «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዘመኑ ጥሏችሁ ሄደ እኮ!» ብላ ብትስቅባቸው፣ አባትየው «ሬዲዮ ተሸክሜ ደግሞ ስልክ ልጨምር?» ብሎ ስልኩን ሐሙስ ሐሙስ ቤት ጥሎት ይወጣል።

ማታ ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ዛሬ ሰማያዊውን ነበር ያሰጣሽው፤ እንዴት ያምር ነበር!» ይላታል። ቢጫ ከሆነ ቢጫ፣ ባለ መስመሩ ከሆነ ባለ መስመሩ። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። እሷም ደስ ብሏት፣ ሰፋ ብሎ ይታየው ብላ፣ ሁለት ነጭ የሆቴል አንሶላ ጎን ለጎን ገጥማ ሰፋችው። ሲሰጣ ጣራውን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍነዋል። የታችኛው ቤት ሴትዮ «ምነው፣ መርከብ ልታስነሺ ነው እንዴ?» እያለች ትቀልድባታለች። «አዎ፣ ካፒቴኑ ተራራ ላይ ነው» ትላለች እሷ።

ባሏ የሞተው ሐሙስ ቀን ነው። ያን ጠዋት ተጣልተው ነበር። ሐኪሙ «ልብዎ ደክሟል፣ ዳገት ይቅርብዎ» ካለው ሦስት ሳምንት አልፎት፣ እሱ ግን «ተተኪው ሰው እስኪመጣ ነው» እያለ ወይ ፍንክች። እሷ ቆሽቷ አረረ። «እንግዲያው ጉብታህን አግባ! ዛሬ አንሶላ የሚባል የለም። ዐይንህ እስኪፈስ ብታፈጥ አታያትም!» አለችው። ወገቧን ስለሚያማት የተዘፈዘፈውን ሳፋ ወደ ጣራ ማውጣት የእሱ ሥራ ነበር፤ ተጣልተውም ቢሆን አውጥቶ አስቀምጦላት ሄደ።

ስድስት ሰዓት ላይ ብልጭታው መጣ። ሦስት ጊዜ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨመረ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። እሷ ሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ አየችው። ትልቁ ነጭ አንሶላ ውሃው ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ነው። «ይበለው፤ አንድ ቀን ይቅመሳት» አለች በሆዷ። ሊመሽ ሲል ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ደጇ ላይ መጥተው ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ወር አለፈ። ጣራው ላይ አንዲት መሃረብ እንኳ አላሰጣችም። የሆቴሉን አንሶላ ሁሉ ኮሪደሩ ውስጥ ገመድ ወጥራ ነው የምታደርቀው፤ ቤቱ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ሰው «ሐዘኑ ጎዳት» ይላል። ሐዘኑማ ነበረ፤ አንጀቷን የበላው ግን ሌላ ነው። ባሌ ባዶ ገመድ እያየ ሞተ፣ ትላለች ለራሷ። ለመነኝ፣ ሁለቴ ጨምሮ ለመነኝ፣ እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ አየሁት። ይህን ለማንም አልነገረችም። ለልጇም።

አንድ ማክሰኞ ጆሮ መጣ። ጆሮ የአምቡላንሶቹ መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ማዳመጫ ጭኖ አንድ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ የወጣለት ስም ነው። ሰውነቱም ወንበሩን መስሏል፣ ሰፊና ዝቅ ያለ። ባሏ ከጉብታው ላይ ሲያወራ የሚሰማው እሱ ነበር። ያለፈው ዓርብ ጡረታ ወጥቷል። በአንሶላ ክምር መካከል ቦታ ፈልጎ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ።

«እትዬ፣ ያንን ጉብታ በጆሮዬ ሺህ ጊዜ ወጥቼዋለሁ» አላት። «በእግሬ ግን አንዴም። ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ ልየው ብዬ ነው። ከመሄዴ በፊት ደግሞ ለእርስዎ ልንገር አልኩ።»

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ሐሙስ ነዋ። ሌላ ቀን ምን ይሠራል?»

የስፌት መኪናዋን አቆመች። ከአፏ የወጣው ነገር ራሷንም አስደነገጣት። «እኔም እመጣለሁ።»

ማየት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያን ቀን ባሏ ምን አየ? ባዶው ገመድ ከዚያ ላይ እንዴት ነው የሚታየው? ልጇ ጋ ደወለችና «ሐሙስ ወደ ቤት ነይ። ትልቁን ነጭ ዘፍዝፌልሽ እሄዳለሁ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጣራው ላይ አስጪው» አለቻት። ልጅቷ አራስነቷን ገና መጨረሷ ነው፤ ሕፃን ታቅፋ ነው የምታወራው። «እማዬ፣ ጉልበትሽስ?» ብትል፣ «ጉልበቴን ለእኔ ተዪው፤ አንቺ አንሶላውን» ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ ጠዋት በመጨረሻው አውቶቡስ ፌርማታ ወረዱ። ሁለቱም መንገዱን አያውቁትም፤ ሁለቱም ደግሞ የማያውቁት መስሎ አልታያቸውም። የሥራው ደንብ እንዲህ ነበር፤ ወደ ጉብታው ብቻውን የሚወጣ ቴክኒሺያን አራት ቦታ ላይ ቆሞ በሬዲዮ «አለሁ» ማለት አለበት። ድልድዩ፣ የተሰነጠቀው ድንጋይ፣ ብቸኛዋ ዛፍ፣ አንቴናው። ጆሮ እነዚህን ቃሎች እንደ ቤቱ በር ቁጥር ያውቃቸዋል። ደረቅ ወንዝ ላይ የተጋደመች ትንሽ የሲሚንቶ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብሎ ቆመና ዐይኑን ጨፈነ።

«አንደኛ። ድልድይ። ሁሉ ሰላም» አለ። ከዚያ ዐይኑን ገልጦ ድልድዩን አየው። «ምነው፣ ይቺ ናት እንዴ? እኔ እኮ ባቡር የሚያልፍበት አድርጌ ነበር የማስበው!»

አንሶላ ሰፊዋ ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው ደግሞ በመሳቋ አፈረች።

ከድልድዩ በላይ መንገዱ ጠጠር ነው፤ አንድ እርምጃ ሲወጡ ግማሹን ይመልሳል። የሰው ዘር የለበትም። ጆሮ በየሃምሳ እርምጃው «ቆይ፣ ዕይታው ደስ አለኝ» ይላል፤ ዕይታ የሚባል ነገር ግን ገና አልነበረም፣ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። የተሰነጠቀው ድንጋይ ጋ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። እሷ ወደ ቀኝ ልትል ስትል እጁን ዘረጋ።

«ግራ ነው፣ እትዬ።»

«በምን አወቅህ?»

«እዚህ ከተናገረ በኋላ ማይክራፎኑ ውስጥ ነፋስ ይገባል። ፉፉፉ እያለ ያደነቁረኛል። ቀኙ እኮ ፀጥ ያለ ነው።»

ወደ ግራ ሃያ እርምጃ እንደሄዱ ነፋሱ መጥቶ የራስ ሻሿን ሊወስድባት ታገለ። ጆሮ እንደ ሕፃን ደስ አለው። «ይኸው! ይኸው እኮ ነው! ‹አንተ ሰውዬ፣ አፍህን በእጅህ ሸፍን› እለው ነበር!» አለ። ድንገት ፊቱን ወደ ቁጥቋጦው አዞረ፣ እሷም እንዳላየች ሆነች።

ብቸኛዋ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ከያዙት ውሃ ተጎነጩ። ጆሮ ጠርሙሱን ሲከድን ሲከፍት፣ ሲከድን ሲከፍት ቆየ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አለ። ቀብሩ ላይ ልነግርዎ አስቤ ሰው በዛ። ከዚያ ደግሞ ቢከፋዎትስ ብዬ ፈራሁ። በአምቡላንስ ሬዲዮ የግል ወሬ ማውራት ክልክል ነው፣ ያውቃሉ። እሱ ግን ሐሙስ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዲት ቃል ይጨምራል። ‹ቤት ሰላም። ዛሬ ቢጫው ነው› ይለኛል። ‹ቤት ሰላም። ዛሬ ሰማያዊው።› እኔም መዝገብ ላይ አልጽፋትም፤ ‹ተቀብያለሁ› ብዬ አልፋለሁ። ያን ቀንም ብሏታል። የመጨረሻ ቃሉ እሷ ናት። ድምፁ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ…»

«ምን አለ ያን ቀን?» ድምፅዋ ቀጠነ።

«‹ቤት ሰላም። ዛሬ ነጩ ነው፣ ትልቁ።›»

አንሶላ ሰፊዋ ተነስታ ቆመች። «አትዋሸኝ!»

«እትዬ…»

«አትዋሸኝ አልኩህ! ልታጽናናኝ ብለህ ከሆነ ይቅርብኝ። ያን ቀን አንሶላ አላሰጣሁም! ተጣልተን ነበር። ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ሲያበራልኝ እያየሁ፣ አላሰጣሁለትም። ገመዱ ባዶ ነበር። ሰማህ? ባዶ!»

አሥራ አንድ ወር የተቆለፈበት ነገር እንዲህ ዛፍ ሥር ተዘረገፈ። ጆሮ ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኩዎ» አለ ቀስ ብሎ። «ጆሮዬ ደግሞ አይሳሳትም። ሌላ ምንም የለኝም፣ ጆሮ ብቻ ነው ያለኝ።»

እውነቱን መሆኑን ፊቱ ላይ አየች። ይህ ደግሞ ባሰባት። ባሏ ባዶውን ገመድ አይቶ፣ ሚስቴ ጨከነችብኝ ማለት አሳፍሮት፣ ለጓደኛው ዋሸ ማለት ነው። ገበናዋን ሸፍኖላት ሞተ ማለት ነው። ጉልበቷን የሚቆርጣትን ሕመም ረሳችና ጆሮን ጥላው ወጣች።

አንቴናው ከሩቅ ግርማ አለው እንጂ ሲቀርቡት በሽቦ አጥር የታጠረ የዛገ ብረት ነው፤ ሥሩ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች፣ ባትሪዎቹ ውስጧ እም ይላሉ። ዞረችው። ከተማው የለም። የጉብታው ትከሻ ጋርዶታል። አንዴ ደግማ ዞረችው። የለም።

«እዚህ አይደለም እኮ እሱን ያገኙት» አለ ጆሮ እያለከለከ ሲደርስ። «ወዲያ ማዶ ቋጥኙ ላይ ነው። ሊፈልጉት የሄዱት ልጆች ‹ምን ሊሠራ እዚያ ድረስ ሄደ?› ብለው ገርሟቸው ነበር።»

ከአጥሩ ጥግ ቀጭን የእግር መንገድ ይጀምራል። ልክ ለአንድ ሰው እግር ብቻ የሚበቃ ነው። ሳር ሊበቅልበት ጀምሯል። ሌላ ማንም አልሠራውም፤ ባሏ ነው ሃያ ዓመት ሐሙስ ሐሙስ እየተመላለሰ የሠራው፣ ከሥራው ውጭ፣ ለእሷ ብሎ። ግማሽ ሰዓት ያህል ገደል ገደሉን ያስኬዳል። እያለቀሰች ሄደችበት። እንባዋን አላበሰችውም፤ እንደፈሰሰ ሄደች።

ቋጥኙ ጠፍጣፋ ነው፣ መቀመጫ ይመስላል። ከሥሩ ከተማው ተዘርግቷል። ቦርሳዋን አስቀመጠችና ቤቷን ፈለገች። መጀመሪያ ሆስፒታሉን አገኘችው፤ ያ ስምንት ፎቅ የጥፍሯን ግማሽ አያህልም። ከሆስፒታሉ ወደ ቀኝ ሰፈሯ መኖር አለበት። የተደፋ አዝራር ይመስላል፣ ግራጫ በግራጫ ላይ። የትኛው ጣራ የማን እንደሆነ የሚለይ የለም። ሰዓቱን አየች፤ ስድስት ሰዓት ከአምስት።

«ጆሮ፣ አንሶላ ይታይሃል?»

ጆሮ መነጽሩን አውጥቶ ጠረገ፣ አደረገ፣ አንገቱን አሰገገ። «እትዬ፣ እንኳን አንሶላው ሰፈሩም አልታየኝ።»

ባሏማ መነጽር አድርጎም ከመንገድ ማዶ የቆመውን ሰው የማይለይ ነበር! መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሲያስገባ ሰፈር ይስቅበታል። ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር እኮ። የእሱ ብልጭታ እሷ ጋ ስለደረሰ፣ የእሷም ጨርቅ እሱ ጋ የሚደርስ መስሏት ኖረች። ብልጭታ ፀሐይ ነው፣ አገር ያቋርጣል። አንሶላ ግን ጨርቅ ነው። ሁለት ቢቀጥሉትም ጨርቅ ነው።

አይቶት አያውቅም። አንድም ሐሙስ።

ቀለሙንስ እንዴት አወቀ ስትል ሳፋው ትዝ አላት። ጠዋት ጠዋት ወደ ጣራ የሚያወጣው እሱ ነዋ! ምን እንደተዘፈዘፈ እያየ ነው የሚሄደው። ያን ቀንም ተኮራርፈው፣ ነጩን፣ ትልቁን፣ በገዛ እጁ ተሸክሞ አውጥቶታል።

«አላየውም» አለች ጮክ ብላ። «ጆሮ፣ ባዶውን ገመድ አላየውም! ለአንተም አልዋሸህም። አሰጥታዋለች ብሎ ነው።»

ደስታ ሊሆን ሲል ግን የዚያ ጠዋት ቃሏ ደረሰባት። አላሰጣም ብላው አልነበር? በጆሮው ሰምቷታል። ሰምቷት ሲያበቃ ይህን ሁሉ ዳገት ወጥቶ፣ ይህን ሁሉ ገደል ተሻግሮ፣ የማይታየውን ጣራ እያየ «ቤት ሰላም፣ ዛሬ ነጩ ነው» አለ። አፏ ነው እንጂ ልቧ አይጨክንም ብሎ። ጨክና ነበር እኮ። እሱ ግን እንዲህ አድርጎ አመናት፣ እንዳመናትም ሞተ።

መስታወቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ኮቱ ኪስ ውስጥ አግኝተው ከሰጧት ዕቃዎቹ አንዱ ነው፤ እንደተጠቀለለ ከነጨርቁ ነበር ያስቀመጠችው። ፀሐይዋን ፈልጋ ወደ ሆስፒታሉ ቀኝ መለሰቻት። ብልጭ። ብልጭ። ብልጭ። እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ፀሐይዋ አመለጠቻት። ይድረስ አይድረስ አላወቀችም፤ እንደገና ይዛ ሁለት ጊዜ ጨመረች። አምስት ሆነ። ያኔ ገባት። ያን ቀን ሁለቱን የጨመረው ሊለምናት አልነበረም። እጁ እየከዳው ነበር፤ መድረሱን ስላላመነው ነው። እሷ እጇን አጣጥፋ ስትቆጥር እሱ እዚህ እየሞተ ነበር። «እኔን ይድፋኝ!» አለች፣ «እኔን!» ጆሮ ሊያጽናናት አልሞከረም፣ እሱንስ ማን ያጽናናው።

ስልኳ ጮኸ። ልጇ ናት።

«እማዬ! አየሁሽ! ብልጭ ስትዪ አየሁሽ፣ አምስት ጊዜ!» ልቅሶና ሳቅ ተቀላቅሎባታል። «ልክ እንደ አባዬ እኮ ነው! አንቺስ? ታየሽ?»

አንሶላ ሰፊዋ ወደ ግራጫው አዝራር ሁሉ አየች። ዐይኗ እንባ ባይሞላውም የምታየው ነገር አልነበረም።

«አየሁት፣ የኔ ልጅ። ከዳር እስከ ዳር። እንዴት ያምራል!»

በስልኩ ውስጥ ከኋላ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«እማዬ…» አለች ልጅቷ። «ይቅር በይኝ። ሕፃኑ አላስነሳ ብሎኝ፣ ገና አላሰጣሁትም እኮ። ሳፋው ውስጥ ነው።»

እናትየው ዐይኗን ጨፈነች።

«ግድ የለም» አለች። «ታሰጪዋለሽ። አውቅሻለሁ።»

ስልኩን ዘጋችና መስታወቱን እቅፏ ውስጥ አድርጋ፣ አሥራ አንድ ወር ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ስሙን እየጠራች፣ ይቅር በለኝ እያለች። ጆሮ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከአናት ትንሽ ዘንበል ስትል ጆሮ ጉልበቱን ይዞ ለመነሳት ሞከረ።

«እንውረድ፣ እትዬ? መንገዱ ረጅም ነው።»

እጁን ይዛ መለሰችው።

«ቆይ እንጂ» አለችው። «ታስጣው።»

ጆሮም ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሁለቱም ወደማይታየው ጣራ ዞረው ጠበቁ።